ለማህፀን መውጣት ኦፕራሲዮን እናቶችን ማዘጋጀት፦ በስልክ የሚሠራው፣ በአካል የሚሠራው

ማህፀኗ የወጣባት እናት ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው ብዙውን ጊዜ ችግሩን ለዓመታት ደብቃ ከኖረች በኋላ ነው። ኦፕራሲዮን ተብላ ቀጠሮ ስትይዝ ደግሞ አብረዋት የሚመጡ ጥያቄዎች አሉ። ከማደንዘዣው እነቃለሁ ወይ? ከባሌ ጋር እንደ ቀድሞው እሆናለሁ ወይ? ከብቱንና ልጆቹን ማን ያያል? የሚከተለው ለነርሶች፣ ለአዋላጆች፣ ለጤና መኮንኖችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው፤ እናቱን ወይም እህቱን ሊያስታምም የተነሣ ሰውም ይጠቀምበታል።

ምክር ማለት ዝርዝር አንብቦ መጨረስ አይደለም። ምክሩ ሠርቷል የሚባለው እናትዬዋ የሰማችውን በራሷ አነጋገር መልሳ ስትናገርና ቤቷ ውስጥ ሥራዋን የሚሸፍነው ሰው በስም ሲታወቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ሁለተኛው ነው።

በቅድሚያ፦ የሚወጣው ምንድን ነው?

«ማህፀኔ ወጣ» የሚለው አባባል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከፊት በኩል የሽንት ፊኛ፣ ከኋላ በኩል አንጀት፣ ከመሐል ደግሞ ማህፀኑ ራሱ ወደ ታች ሊገፋ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አንድ ላይ ይመጣሉ። ከ1 (ቀላሉ) እስከ 4 (ከባዱ) ባሉት ደረጃዎች ኦፕራሲዮን የሚታሰበው በአብዛኛው ከብልት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ እሷንም ሲያስቸግራት ነው። ደረጃው ከፍ ብሎም የማይረብሻት እናት ኦፕራሲዮን ግዴታዋ አይደለም። ማህፀንን ደግፈው የሚይዙትን ጡንቻዎች ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና ብልት ውስጥ ገብቶ የሚደግፈው ፔሳሪ የሚባል ቀለበት አማራጮች መሆናቸውን ሳትሰማ ፊርማ ልታኖር አይገባም።

በስልክም ቢሆን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ «ሽንትዎ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ፣ ሳይታወቅዎት ይፈሳል?» መልሱ አዎ ከሆነ ጉዳዩ ፊስቱላ (ፊኛን ወይም አንጀትን ከብልት ጋር የሚያገናኝ ቀዳዳ) ሊሆን ይችላል። ዝግጅቱም የሚላክበት ቦታም ይለያያል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የመሠረቱት የአዲስ አበባው የፊስቱላ ሆስፒታል በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት አሉት። ስትስቅ፣ ስታስል ወይም ስታነሣ ብቻ የሚያመልጣት ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይነገር። የወጣው ማህፀን የሽንት ቧንቧውን አጥፎ ይዞት ቆይቶ፣ ወደ ቦታው ሲመለስ ከዚህ በፊት ያልነበረ የሽንት ማምለጥ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ይህን ቀድማ የሰማች እናት ሲደርስባት «አበላሹኝ» አትልም።

በስልክ የሚሆነውና የማይሆነው

ሁለት የስልክ ጥሪና አንድ በአካል መገናኘት ጥሩ መነሻ ነው። የመጀመሪያው ጥሪ ከቀጠሮው 4 ሳምንት በፊት ሲሆን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለተኛው 2 ወይም 3 ቀን ሲቀር ለ10 ደቂቃ ይደረጋል። የአካሉ ምርመራና ፊርማ ሆስፒታል ውስጥ ነው። የደም ግፊት መለካት፣ የወጣው አካል ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩን ማየት፣ የማህፀን በር ምርመራና የስምምነት ፊርማ በስልክ አይሠሩም። የመጾም ሰዓት፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የቤት ዝግጅትና ፍርሃት ግን በስልክ በደንብ ይሠራሉ፤ እንዲያውም ቤቷ ሆና መድኃኒቱን ከሳጥኑ አውጥታ ስታነብላችሁ የሚገኘው መረጃ ካርድ ክፍል በር ላይ ከሚገኘው ይሻላል።

ችግሩ ስልኩ የማን ነው የሚለው ነው። የተመዘገበው ቁጥር የባል፣ የልጅ ወይም የጎረቤት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ያነሣው ሌላ ሰው ከሆነ «ከጤና ተቋም ነው፣ ለቀጠሮ ጉዳይ ነው» ከማለት አትለፉ። እሷ ስትቀርብ መጀመሪያ እንዲህ በሉ፦ «እማማ፣ አጠገብዎ ሰው አለ? ካለ እኔ እጠይቃለሁ፣ እርስዎ አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።» ስለ ግብረ ሥጋ፣ ስለ ሽታና ስለ ፈሳሽ የሚነሡ ጥያቄዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ይሄዳሉ። ኔትወርክ ቢቆረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል ቀድማችሁ ተስማሙ። እሷ መልሳ ትደውል ከተባለ ካርድ ላይኖራት ይችላልና እናንተ ብትደውሉ ይመረጣል።

ኦፕራሲዮኑን በቀላል ቃል ማስረዳት

ብዙ ጊዜ የሚሠራው በብልት በኩል ማህፀኑን ማውጣትና የላሉትን የፊትና የኋላ ግድግዳዎች መስፋት ነው። ሆድ አይቀደድም፤ ይህን ስትሰማ የምትረጋጋ እናት ብዙ ናት። ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ቦታው መልሶ መስፋትም አለ። ልጅ ገና የምትፈልግ ከሆነ ለሐኪሙ መናገር አለባት፤ ማህፀኑ በኦፕራሲዮን ተቆርጦ ከወጣ በኋላ መውለድም የወር አበባም የለም። እንቁላል አምራቾቹ ካልተነኩ ሆርሞኗ ይቀጥላል። ሴትነት ወይም ፍላጎት ከማህፀኑ ጋር ተቆርጦ ይወጣል የሚለው ስጋት እውነት እንዳልሆነ በግልጽ ንገሯት።

አንድ የኦፕራሲዮን ዓይነት ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለአረጋውያንና ብዙ በሽታ ላለባቸው አንዳንዴ የሚመረጠው የብልቱን ቀዳዳ የሚዘጋው ነው። ቀላልና አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ግብረ ሥጋ ፈጽሞ አይቻልም። «ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ባልም የላትም» ብሎ መገመት ነውር ብቻ ሳይሆን የማይመለስ ጥፋት ነው። እሷ ብቻዋን ባለችበት፣ በቀጥታ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቋት።

ማደንዘዣው አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ መርፌ ነው። ነቅታ ትሆናለች፤ ሲነኳትና ሲስቧት ሊታወቃት ይችላል፣ ሕመም ግን አይሰማትም። እግሯ ለጥቂት ሰዓታት አይታዘዛትም፤ «ሽባ ሆንኩ» ብላ እንዳትደነግጥ ይነገራት። ስትነሣ የሽንት ቱቦ ገብቶላት፣ ብልቷም ውስጥ ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ታሽጎ ታገኛለች። ጎዙ በአብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ቱቦው በ1 ወይም በ2 ቀን ይወጣል። ቱቦው ከወጣ በኋላ በራሷ መሽናቷና ፊኛው ውስጥ የሚቀረው ሽንት ትንሽ መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ቤት አትሄድም። መሽናት ያቃታት እናት ቱቦው ለጥቂት ቀናት ሊመለስላት ይችላል፤ ይህ የኦፕራሲዮኑ መክሸፍ አይደለም።

ሊገጥሙ የሚችሉትን አትሸፍኑ፦ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ የፊኛ ወይም የአንጀት መጎዳት፣ እግር ላይ ደም መርጋት፣ ችግሩ ተመልሶ መምጣት። ፊርማው የራሷ ነው። ባሏ አብሮ መስማቱ ይጠቅማል፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከባድ ነገር በማታነሣባቸው ስድስት ሳምንታት ዋናው ረዳት እሱ ነውና፤ በእሷ ፈንታ ግን አይፈርምም።

ከአንድ ወር በፊት የሚጀመሩ ነገሮች

ደም ማነስ ቀዳሚው ነው። ሄሞግሎቢን (ደም ማነስ የሚታወቅበት የደም ልኬት) በቶሎ ካልታየ አልጋ በያዘች ዕለት ዝቅ ብሎ ይገኝና ቀጠሮዋ ይተላለፋል፤ ከሩቅ ገጠር በሁለት መኪና ለመጣች እናት ይህ ከባድ ነው። የብረት እንክብል ከታዘዘላት ከሻይና ከቡና በ2 ሰዓት ልዩነት ትውሰድ፣ አለዚያ ብረቱ ሳይመጠጥ ይወጣል። ሰገራዋ ይጠቁራል፤ ካልተነገራት ፈርታ ታቋርጠዋለች። ጾም ከሆነ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽሮና ጎመን በየቀኑ ይኑሩ፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮ ሲበላ ብረቱን ያግዛል። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚላላ እያወቀች በራሷ ሥልጣን መግደፍ የማትፈልግ እናት የንስሐ አባቷን እንድታማክር ዛሬውኑ ንገሯት፤ በዋዜማው መንገር ምንም አይረዳም። ሙስሊም እናት በረመዳን ከሆነ ቀጠሮዋ፣ መድኃኒትና ምግብ የምትወስድበትን ሰዓት አብራችሁ አስሉ።

የሆድ ድርቀትና ሳል ስፌት ይበጥሳሉ። ለድርቀት ተልባ በውሃ፣ ቅጠላ ቅጠልና በቂ ውሃ ካሁኑ ይጀመር፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጡ ማስታገሻዎች አንዳንዶቹ ድርቀት ያመጣሉ። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል ካላት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታድርግ፣ የጭስ ምድጃ አጠገብ የምትውልበትን ሰዓትም አሳጥሩላት። ሳሉ ሳይታከም መስፋት ግድግዳ ሳይደርቅ እንደ መቀባት ነው።

የወጣው አካል ልብስ እየነካው ከቆሰለ ቁስሉ ቀድሞ መዳን አለበት፤ ሐኪሙ ወደ ውስጥ መልሶ በኤስትሮጅን ቅባት የተነከረ ጎዝ ሊያደርግላት ይችላል፣ ሳምንታትም ይወስዳል። ቅጠል፣ ጨው ውሃ ወይም ሌላ ነገር ብልቷ ውስጥ እንዳታስገባ።

የጡንቻ እንቅስቃሴውንም አሁን አስጀምሯት። ፈስና ሽንት ለመያዝ የምትጨብጠውን ጡንቻ ጨብጣ እስከ 10 ትቁጠር፣ ትልቀቅ፣ 10 ጊዜ ትድገም፤ በቀን 3 ጊዜ። 10 መቁጠር ካልቻለች ከ3 ትጀምር። ሆዷንና መቀመጫዋን አትወጥር፣ ትንፋሿንም አትያዝ። ከኦፕራሲዮን በፊት የለመደችው በኋላ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ በቀላሉ ትቀጥለዋለች።

መድኃኒቶች

«መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስትሉ መልሱ «የለም» ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም የግፊት እንክብሉን መድኃኒት አትለውም፣ «የግፊቷ» ናት። ስለዚህ በአንድ በአንዱ ጠይቁ፦ የግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ከጎረቤት የተወሰደ ማስታገሻ፣ የባህል መድኃኒት። እንደ አምሎዲፒን ያሉ የግፊት እንክብሎች በአብዛኛው በኦፕራሲዮኑ ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውሃ ይወሰዳሉ። ኢናላፕሪልን ግን ብዙ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ከ24 ሰዓት በፊት ያስቆሙታል፣ በማደንዘዣ ጊዜ ግፊቱን በጣም ሊያወርድ ይችላልና። የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚን በዕለቱ ጠዋት አይወሰድም፤ ኢንሱሊን መጠኑ በሐኪም ይስተካከላል። የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል፣ አስፒሪንም ይጠየቅበታል። አማካሪ እነዚህን በራሱ አያስቆምም፤ ዝርዝሩን ይዞ ለሐኪሙ ያቀርባል፣ ትዕዛዙን ተቀብሎ ይደውላል። ጫት የምትቅም ከሆነ ልብ ምቷንና ግፊቷን ስለሚያናጋ ቀደም ብላ ታቁም፤ መቃሟን ለማደንዘዣ ባለሙያው መደበቅ ግን ከመቃሙ ይብሳል። መርፌ ወይም ክኒን ወስዳ ሰውነቷ አሳክኳት ወይም አብጦ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከመቀደዱ በፊት ባለው 1 ሰዓት ውስጥ ፀረ ተሕዋስያን መርፌ ይሰጣታልና።

ዋዜማው፦ ሰዓት የሚያሳስትበት ቦታ

ወረቀት ላይ «ከ12 በኋላ ምንም እንዳትቀምስ» ተብሎ ይጻፋል። የጻፈው ሰው ያሰበው በፈረንጅ ሰዓት እኩለ ሌሊትን ነው፤ እናትዬዋ የተረዳችው ንጋት 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ ቁርሷን ትበላለች፣ ኦፕራሲዮኑም ይቀራል። ሁልጊዜ በእኛ ሰዓት፣ ጊዜውንም ጨምራችሁ ንገሩ፦ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት»።

ደንቡ ጠንካራ ምግብ ከማደንዘዣ 6 ሰዓት በፊት፣ ንጹህ ፈሳሽ 2 ሰዓት በፊት ማቆም ነው። ኦፕራሲዮኑ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ እራት በጊዜ ትብላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምግብ ይቅር፤ ውሃ ወይም ወተት የሌለው ሻይ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ይፈቀዳል። ሆስፒታሉ ከዚህ የጠበቀ ሕግ ካለው የሆስፒታሉ ይከበር። አጥሚት፣ በሶ፣ ወተትና ጭማቂ ፈሳሽ ቢሆኑም እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ምክንያቱን ንገሯት፦ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ማደንዘዣ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ምክንያቱን ያወቀች እናት ቤተሰቧ «ባዶ ሆድሽን አትሂጂ» ሲላት ታስረዳለች።

ጸበልንም በስሙ ጥሩት። «ምንም አልቀመስኩም» የምትል እናት ጠዋት ጸበል ጠጥታ ሊሆን ይችላል፣ ለእሷ ምግብ አይደለምና አትዋሽም። ጸበሉን ከንጋት 12 ሰዓት በፊት እንድትጠጣ ወይም እንድትረጨው ንገሯት። አትከልክሏት።

ማታና ጠዋት በሳሙና ትታጠብ። የብልት ፀጉሯን በምላጭ እንዳትላጭ፤ ምላጭ የሚተወው ጥቃቅን ጭረት የኢንፌክሽን በር ነው፣ ካስፈለገ ሆስፒታሉ በመቁረጫ ያሳጥራል። ጥፍሯ ላይ እንሶስላ፣ ሂና ወይም ቀለም ካለ ጣት ላይ የሚገባው የኦክስጅን መለኪያ ሊሳሳት ይችላል፤ የጥፍር ቀለሙ ይልቀቅ፣ እንሶስላ ለመሞቅ ያሰበች ደግሞ ቢያንስ ሁለት ጣት ታስቀር። ቀለበትና ጉትቻ ቤት ይቅሩ። ማተብ መበጠስ የለበትም፤ እጇ ላይ ታስሮ በፕላስተር ሊሸፈን እንደሚችል ቀድማችሁ ከኦፕራሲዮን ክፍል ጋር ተነጋገሩና ንገሯት። በር ላይ «በጥሺው» መባል አንዳንዷን እናት ወደ ቤቷ ይመልሳል።

የወር አበባዋ ቢመጣ፣ ትኩሳት ወይም ጉንፋን ቢይዛት ዝም ብላ አትቅር፤ ትደውል። የምትይዘው፦ የጤና መድን ደብተርና የሪፈር ወረቀት (ሪፈሩ ከሌለ መድኑ ላይሸፍን ይችላል)፣ የቀድሞ ምርመራ ውጤቶች፣ መድኃኒቶቿ ከነመያዣቸው፣ ሁለት ሰፊ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ሞዴስ፣ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ። አስታማሚ አንድ፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል።

ስድስቱ ሳምንታት፦ ውሃ ማን ይቀዳል?

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ በደንብ ተሠርቶ እናትዬዋ በሁለተኛው ሳምንት እንስራ ካዘለች ከንቱ ነው። ስፌቱ የሚይዘው ሥጋ እስኪጠነክር ቢያንስ 6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አታንሣ፤ ለከባድ ሸክም ብዙ ሐኪሞች 3 ወር ይላሉ። «ከባድ አታንሺ» ማለት ምንም አይነግራትም፣ ለእሷ 20 ሊትር ጀሪካን ከባድ አይደለማ። በዕቃ ንገሯት፦ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙሉው የመጨረሻው ነው። ባለ 20ው፣ እንስራው፣ የእንጨት ሸክሙ፣ የሊጥ ባልዲው፣ ልጅ ማዘል፣ ሁሉም ይቅር።

ከዚያ ወረቀት አውጡና ጻፉ፦ ውሃ የሚቀዳው ማን? እንጨት? እንጀራ የሚጋግረው? ከብት የሚያስገባው? ልጅ የሚያዝለው? መልሱ «እግዚአብሔር ያውቃል» ከሆነ ዝግጅቱ አላለቀም። ባሏን ወይም ትልቁን ልጇን በስልክ አግኙ (እሷ ከፈቀደች)፣ ሥራውን በስም አከፋፍሉ። ሰው ፈጽሞ ከሌላት ቀጠሮውን ወደ አዝመራ ማግስት ማዛወር ይሻላል። ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሰፈሩን ስለምታውቅ እዚህ ላይ ከሐኪሙ የበለጠ ትረዳለች።

ግብረ ሥጋ ቢያንስ ለ6 ሳምንት፣ ከምርመራው በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ የለም። ይህን ባልየው ከባለሙያ አፍ ቢሰማው እሷ ብቻዋን አትከራከርም። ወይባ ጢስ መሞቅና ብልት ውስጥ ማንኛውንም ነገር ማስገባት አይፈቀድም። ትራመድ እንጂ አትተኛ፤ መተኛት ደም ያረጋል። ስታስል የታጠፈ ነጠላ ብልቷ ላይ በእጇ ትደግፍ፣ ሰገራ ስትወጣም አታምጥ። ወደ ቤት ጉዞው ረጅም ከሆነ በየ1 ወይም 2 ሰዓቱ ወርዳ ትራመድ፤ በበቅሎ መሄድ አይሆንም። ለጥቂት ሳምንታት ትንሽ ደም የተቀላቀለ ፈሳሽና የሚረግፍ ክር ማየት የተለመደ ነው።

እነዚህ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ናቸው፦ በ1 ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያረጥብ መድማት፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ መሽናት ማቃት፣ ሳያቋርጥ የሚፈስ ሽንት፣ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም ወይም ማስመለስ፣ የአንድ እግር ማበጥና ሕመም፣ የደረት ውጋት ወይም ትንፋሽ ማጠር።

መስማቷን ማረጋገጥ

«ገባዎት?» ስትሉ ሁሉም «አዎ» ይላል፤ አክብሮት ነው። ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ጠይቁ፦ «እማማ፣ እኔ በትክክል ነግሬዎት እንደሆነ ልወቅ፤ ለልጅዎ ቢነግሯት ምን ይሏታል? እህል የሚያቆሙት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ጠዋት የትኛውን ክኒን ይወስዳሉ? ውሃ ማን ነው የሚቀዳልዎት? ምን ሲያዩ ይደውላሉ?» የሳተችውን ብቻ ድገሙላት፣ እንደገናም ታስረዳ።

በውጭ ሀገር ላሉ እናቶችም ይኸው ነው፣ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም ስለ ብልትና ስለ ግብረ ሥጋ የሚነሣው ሁሉ ይዘለላል፤ ባለሙያ አስተርጓሚ ይጠየቅ። በአሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ በስልክም ይሆናል። አስተርጓሚዋ ሴት እንድትሆንና የሰዓቱ ልዩነት እንዲብራራ አስቀድሞ መንገር ይቻላል።

ቤቷ ከገባች በ3ኛው ቀን ደውሉ። ሽንት፣ ሰገራ፣ ደም፣ ትኩሳት ጠይቁ። ከዚያም፦ «ዛሬ ጠዋት ውሃውን ማን ቀዳ?» መልሷ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ስም ጋር ካልተስማማ በዚያው ሰዓት ወደዚያ ሰው ደውሉ።